ግልገሎቹ ከድንጋዩ ሥር ይቆዩ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ብርድ ሲነካው ብቻ ነው የሚያምዎት ወይስ ዝም ብሎም ይነሳብዎታል? ለዓይንዎ የታዘዘውን ጠብታ እየጨመሩ ነው ወይስ «ተሻለኝ» ብለው መደርደሪያ ላይ ጥለውታል? የእማማስ ወገብ? ከጉድጓዱ ውሃ የምታወጣው አሁንም እሷ ከሆነች ችኩሌን ይቆጡልኝ። ፍየሎቹ እንዴት ናቸው? ዝናቡስ ጠብ አለ ወይስ ዘንድሮም ደመናውን አሳይቶ ብቻ አለፈ? እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ድካም በሽታ አይደለም የሚሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉ?

ደብዳቤ ከጻፍኩ ቆየሁ። በስልክ ድምፃችሁን መስማት ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ የእኛ ስልክ ግን ዋናው ነገር ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ይቆረጣል። አሁን ደግሞ ጭራሽ ዝግ ነው ይለኛል። ስለዚህ አብራኝ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ወደዚያ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። የሚያነብልዎ መቼም ችኩሌ ነው፤ ከቤታችን ፊደል ከእሱ ጋር ነው የቀረው። ወንድሜ፣ እባክህ አንዲት መስመር ሳትዘል አንብብላቸው። የአንተ ስም ሲነሳ ጉሮሮህን ጠርገህ ወደሚቀጥለው ገጽ እንዳታልፍ።

አባባ፣ ችኩሌ ባለፈው ሲደውል ከደስታው ብዛት ቃላቱ እየተደራረቡ ነበር የሚወጡት። አንድ ባለ መኪና ሰው በየመንደሩ እየዞረ የአቦሸማኔ ግልገል ያለበትን ለሚያሳየው ጥሩ ገንዘብ እሰጣለሁ ይላል አለኝ። እሱም ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከትልልቆቹ ድንጋዮች ሥር አንዲት እናት ከነልጆቿ ማየቱን ነገረኝ። «እትዬ፣ ቀን ሊወጣልን ነው» አለኝ። አፌን ስከፍት መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ስሠራም፣ እንቅልፍ ሲወስደኝም ያቺው «ቀን ሊወጣልን ነው» ያላት ቃል ናት የምትመላለስብኝ። ሳልናገር የቀረሁትን ልንገርዎ፤ እስኪያልቅ አይቆጡ።

ከሰው ቤት ወጥቼ የእንስሳት ሕክምና ቤት ገባሁ ስልዎት ላምና በግ መስሎዎት መርቀውኛል። ምርቃቱን መልሰው እንዳይወስዱብኝ እንጂ የማስታምመው አቦሸማኔ ነው። እርስዎ አቦሸማኔን የሚያውቁት ፍየል ጎትቶ ሲሄድ ነው፤ ልጅዎ ደግሞ ለዚያው አውሬ ልጆች የዱቄት ወተት በጥብጣ ጡጦ ታጠባለች። ጎረቤት ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ትንሽ ቢስቁብኝ ግድ የለኝም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። የሠራሁበትን ቤት ያስታውሱታል፤ ጌታው ነጋዴ፣ እመቤቲቱ ከሶፋ የማይነሱ፣ አንዲት ተማሪ ልጅ ያለቻቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅቱን ልብስ ስተኩስ ሾፌሩ ጎኑ በምስማር የተበሳሳ ካርቶን አቅፎ ገባ። ከውስጡ እንደ ጫጩት ያለ ድምፅ ይወጣል። ዶሮ መስሎኝ ቢላዋ ልፈልግ ስል ጌታው በሳቅ ሞቱ። ካርቶኑ ሲከፈት ጀርባዋ ላይ አመድማ ጸጉር ያጎፈረች፣ ከዓይኗ እስከ አፏ ጥቁር መስመር የወረደባት፣ ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ ግልገል ናት። ልጅቱ ፈተና ስላለፈች የተገዛች ስጦታ መሆኗ ነው።

ሾፌሩ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ለመነኝ። ብርጭቆውን እንደያዘ ነገሩን ነገረኝ። ከወደብ ሲረከባት ብቻዋን አልነበረችም። «ከወንድሞቿ መሃል ነው ያወጣኋት» አለኝ። «እነሱ ደርቀው ነበር፤ መንገድ ዳር ጥዬአቸው መጣሁ።» 

ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። የምታድረው ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በማሽኑና በግድግዳው መሃል ባነጠፍኩላት አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ነበር። እግሯ ስለቀጠነ «ጭራሮ» አልኳት፤ ልጅቱም ያንኑ ይዛ ቀረች። አጥንት እንዳያንቃት ተብሎ የሚሰጣት ንጹሕ የዶሮ ሥጋ ብቻ ነው፤ እመቤቲቱ ራሳቸው ነበሩ ከአጥንቱ እያስለዩ የሚያስገዙላት። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ትወሰዳለች፤ ሰው ሁሉ እያቀፈ ፎቶ ይነሳል። እኔ ጭን ላይ ስትተኛ ከደረቷ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ታሰማለች። አባባ፣ አውሬ ስትደሰት እንዲህ እንደምትል ማን ያውቅ ነበር? እርስዎም እንደማያውቁ እገምታለሁ፤ ዱላ ይዞ ለሚመጣ ሰው አታሰማም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የፊት እግሮቿ እንደ ሞቀ ሰም መጉበጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ሰነፈች ተባለ። ከዚያ አንድ ቀን ከሶፋው ስትወርድ አንድ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ፤ ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጅቱ ክፍሏ ገብታ ቆለፈች። ጌታው አንድ ጊዜ አይተዋት፣ «ተበላሽታለች፤ ሌላ ይመጣል» ብለው ወጡ። እንደ ተሰበረ ብርጭቆ። ሌላው ከየት እንደሚመጣ እኔ ያኔም ሳይነገረኝ ገብቶኛል፤ ከእኛ ዓይነቱ አገር ነው የሚመጣው።

አልዋሽም፣ እመቤቲቱን እስከዚያ ቀን ልበ ደንዳና አድርጌ ነበር የማያቸው። ጌታው ለንግድ በሄዱበት ጠዋት ግን ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጥተው እብነ በረድ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ጭራሮ በደረቷ እየተሳበች ወደ እሳቸው ስትሄድ አዩ። ፊታቸውን እንደ አገራችን ሴት በነጠላ ጫፍ ሳይሆን በባዶ እጃቸው ጠረጉ፤ ሴትዮዋ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ውሰጃት። ሞተች እላለሁ» አሉኝ። የተያዙ አውሬዎች የሚታከሙበትን የዚህን መጠለያ አድራሻ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ለካ ቀደም ብለው አፈላልገው ኖሯል።

በልብስ ቅርጫት ፎጣ አልብሼ በታክሲ ወሰድኳት። ባለ ታክሲው በመስታወቱ እያየ ይህቺ ድመት ምን ሆና ነው እንዲህ የከፋት አለኝ። ታማለች አልኩት። ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት አይዞሽ ብሎ አጽናናኝ። እኔም ስምንቱን ጨርሳለች ብዬው በሳቅና በለቅሶ መሃል ደረስን።

መጠለያው ከከተማው ዳር፣ በሽቦ የታጠረ ትልቅ ግቢ ነው። ሐኪሟ ትንሽ፣ ቁጡ፣ ፀጉሯ ያለ ዕድሜዋ የሸበተ ሴት ናት። ራጁን ወደ መስኮቱ አቅንታ ካየችው በኋላ አጥንቷ ወረቀት ሆኗል አለችኝ። ግልገል ከሥጋው ጋር አጥንት ካልበላ የራሱ አጥንት አይጠናም፤ ዓመት ሙሉ ስለምታየው ነገር እንደምታወራ ድምፅዋ አልተለወጠም። ጭራሮ ከሌላ ሰው እጅ አልበላ ስላለች ጥቂት ቀን ቆዪ ተባልኩ። ጥቂት ቀኑ አላለቀም። ጌታው እውነቱን ሲደርሱበት ሾፌሩ ሻንጣዬን አምጥቶ በር ላይ ሰጠኝ፤ ጭራሮን ማየት እችላለሁ ወይ ብሎም ለምኖ ገብቶ አያት። እኔም እዚያው ሠራተኛ ሆኜ ቀረሁ።

ጠዋት ተነስቼ ወለሉን በበረኪና አጥባለሁ፤ ሥጋ እከትፋለሁ፤ የአጥንት ዱቄትና መድኃኒት እለውሳለሁ፤ ከዚያ እንደገና ወለል። ጓንቴን ባወልቅም ሽታው አይለቀኝም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ቦታ ይለውጣል። ይህ ሁሉ ባልከፋ። የሚከፋው ካርቶን ሲመጣ ነው። ፖሊስ ወይም የወደብ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ስንከፍተው አንዳንዱ ገና ይተነፍሳል። ግሉኮስ ሰክተን፣ በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ከበን፣ አፋቸው ውስጥ ወተት እያንጠባጠብን እንከርማለን። ከሚድኑት የሚሞቱት ይበልጣሉ። የዳኑትንም ወደ ዱር ለምን አንመልሳቸውም ብዬ ጠይቄ ነበር። ሐኪሟ ማደን የምታስተምር እናት ናት አለችኝ። ሰው ያሳደገው አቦሸማኔ ሲርበው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፤ ሰውየው ደግሞ ድንጋይ ይዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽቦ ለሽቦ ይመላለሳሉ። አንዱን ግቢ ሳንጨርስ ሌላ ካርቶን ይመጣል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው፣ አባባ። እንዲህ የደከመኝ ለዚህ ነው።

ጭራሮ ከዳነች በኋላ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ትወድ ነበር። መሮጥ ቀርቶ መራመድም እንደ ሽማግሌ ነበረች፤ ቢሆንም ከአጥሩ ውጭ ወፍ ሲነሳ ጆሮዋ ይቆማል፣ መላ ሰውነቷ ለመሮጥ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ተመልሳ ትተኛለች። በዚህ ወር መጀመሪያ ወፍ አይታ እውነትም ተነሳች። ሦስት ርምጃ እንኳ አልሄደችም፤ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ተሰበሩ። ሐኪሟ ራጁን አይታ ከእንግዲህ የሚጠገን አጥንት የላትም አለችኝ። የምታሳርፍበትን መርፌ ስታዘጋጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየች። እኔ የጭራሮን ጭንቅላት ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። እስከ መጨረሻው ያንን የወፍጮ ድምፅ ታሰማ ነበር፤ ሐኪሟ ሕመም ሲበዛባቸውም እንዲህ ይላሉ አለችኝ። ደስታ ይሁን ሕመም እንግዲህ እሷ ታውቃለች። ችኩሌ የደወለው ከዚያ በሳምንቱ ነው።

አባባ፣ ፍየሉ የማን እንደሆነ አልረሳሁም። ኪሳራው እዚህ ባለችው ሐኪም ሳይሆን በእርስዎ በረት እንደሚገባ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አቦሸማኔና ፍየል በየፊናቸው ይውሉ ነበር፤ እሱ ከሚዳቋው፣ እኛ ከግጦሹ። ሚዳቋው አለቀ። ዛፉ ከሰል ሆነ። ሜዳውን ባለ ሀብት አጠረው። የቀረችውን አንዲት ጥግ እኛም ፍየሎቹም አውሬውም ተሻምተን ቀረን። ያቺ እናት ከድንጋዩ ሥር የመጣችው ወድዳ አይመስለኝም፤ እኔም ወድጄ አይደለም እዚህ የመጣሁት።

የምለምንዎት ይህን ነው። ግልገሎቹ ጠንክረው እናታቸውን እስኪከተሉ ድረስ ፍየሎቹ ወደ ድንጋዮቹ አይሰማሩ። ለበረቱ እሾህ ይደረብለት፤ ቡችሎች ከግልገል ፍየሎች ጋር አብረው ይደጉ፤ እንዲህ ያደገ ውሻ መንጋውን እንደ ወንድሙ ይጠብቃል ትላለች ሐኪሟ። እዚያ ያሉትን የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች ስልክም በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ይካሱናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ቢሮ ቢሮ ነው። ባለ መኪናው ግን ይፈራቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ችኩሌ፣ አሁን ላንተ ነው። ክፉ ስለሆንክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እማማ ውሃ ተሸክማ ስትወጣ እያየህ ገንዘብ ያለው ሰው ሲመጣ ዓይንህን ጨፍነህ እለፍ ብልህ ከሩቅ ሆኖ መናገር ይሆንብኛል። ግን ካርቶኑን የምከፍተው እኔ ነኝ። አንተ ያሳየኸውን ግልገል ሞቶ ባወጣው፣ ከአንተ እጅ መምጣቱን ሳላውቅ እቀብረዋለሁ። ቦታውን ገና አላሳየኸው ከሆነ ዝም በል፤ አጉል ተስፋ ሰጥተኸው ከሆነም ሄዳለች በለው። ቀድመህ አሳይተኸው ከሆነ ግን ይህን ወረቀት ሳታጥፍ አሁኑኑ ለአባባ ንገራቸው። ተቆጥተው ይበርድላቸዋል። ከእሳቸው ጋር ሂዱና እናትየዋ ካለች እዩ።

ለእማማ ጉልበቷን ስማችሁልኝ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ የወገቧን ቅባት ልኬላታለሁ፣ ለጎረቤት እንዳታካፍለው። ለእታለም፣ አዲሱ ልጇ ጥርስ አወጣ ወይ በሏት፤ ፎቶውን ብትልክልኝ ደስታዬ ነው። ለአያቴ ጮክ ብላችሁ ሰላም በሉልኝ፤ ቀስ ብላችሁ ካላችሁ «አላነሳችኝም» ትላለች። ለእርስዎ፣ አባቴ፣ ጤናና ዝናብ እመኛለሁ፤ ጠብታውን አይተዉ። ለችኩሌም ሰላምታዬ ከማንም አላነሰም። ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ወጥቶ ይደውልልኝ፤ መልሱ ክፉ ቢሆንም ይደውልልኝ።

ልጅዎ

ከመጠለያው፣ ከሠራተኞች ማረፊያ ክፍል
መጋቢት ፲፱ ቀን