የእናቴን አፍ በየግድግዳው ለለጠፉልን ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይም ከፊት እስከ መንጋጋ ያልጎደለ ጥርስ እመኛለሁ። እኔ ሶፋና ወንበር እያለበስኩ የምኖር ተራ ነዋሪ ነኝ፤ አያውቁኝም። እናቴን ግን ያውቋታል። ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ፣ በመድኃኒት ቤቱ መስታወትና በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታ ከእርስዎ ፈገግታ ሥር የተቀመጠችው ሴትዮ እናቴ ናት። «ጥርስዎን ይጠብቁ፣ በዓልዎን ያጣጥሙ» የሚለው መልእክትዎም ከራሷ በላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

ደብዳቤዬን በአደባባይ የማወጣው ለድፍረት አይደለም። በአካል በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ምናልባት ስብሰባው ሲሰለችዎ ጋዜጣ ይገልጡ ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛው ምስጋናዬ በበዓሉ ዋዜማ ያካሄዱትን የነጻ ጥርስ ሕክምና ዘመቻ ይመለከታል። እናቴ በሰፈራችን «ወፍጮዋ» በሚል የክብር ስም የምትታወቅ ሴት ነበረች፤ አጥንት አይቀራት፣ የደረቀ ዳቦ አይቀራት፣ ልጆች ሳለን ለውዝ የምትሰብርልን በጥርሷ ነበር። ዕድሜ ወፍጮንም ያደክማልና፣ እያደር የሚያኝክላት በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት መንጋጋዎች ብቻ ሆኑ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ እንደ ደህና ጎረቤት ተስማምተው የሚኖሩ። በግራ በኩል ደግሞ አንድ የተቦረቦረ ጥርስ ነበራት፤ እንቅልፍ የሚነሳት እሱ ነው። የዘመቻዎን ወሬ የሰማሁት የጤና ጣቢያውን የጥርስ ክፍል ወንበር አዲስ ቆዳ እያለበስኩ ሳለ ስለነበር፣ ሮጬ ሄጄ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያስመዘገብኳት እኔው ነኝ። እሷ እንኳ «ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል» ብላኝ ነበር። ለታካሚዎች ሁሉ አንድ የጥርስ ብሩሽና ዘመቻውን የደገፈው ነጋዴ የሰጠው አንድ ፓኮ ከረሜላ በአንድ ፌስታል ታድሏል፤ አርቆ አሳቢነት ማለት ይህ ነው፤ የዛሬውን ታካሚ ሲያክሙ የነገውንም ማዘጋጀት።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ለፎቶግራፍ አንሺዎ ነው። የዘመቻው መክፈቻ ላይ እርስዎ ከሐኪሙ ጎን ቆመው እንዲነሱ ተወሰነና፣ ከተሰለፈው ሰው መካከል «አፏ ሰፋ ያለ ነው፣ ለካሜራ ይመቻል» ተብሎ እናቴ ተመረጠች። ሐኪሙ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ፣ የግራውን ጥርስ በደንብ አይቶ፣ መርፌውን በግራ ወግቶ፣ ድዷ እስኪደነዝዝ እየጠበቀ ሳለ እርስዎ ደረሱ። ፎቶግራፍ አንሺው የዘመቻው ባነር ከኋላ እንዲታይ ወንበሩ ይዙር አለ፤ ወንበሩ ዞረ። (ቆዳዬ አላሳፈረኝም፤ ፎቶው ላይ አምሮበታል።) ቀጥሎ እርስዎ ሐኪሙ በሚቆምበት በኩል እንዲቆሙ ተደረገ፤ ሐኪሙም ዞሮ ባልለመደው ጎን ገባ። ከዚያም «ቶሎ በል፣ ሌላ ፕሮግራም አላቸው» ተባለና ልጁ በላብ ተጠምቆ ጉጠቱን ሰደደ፣ ነቀለም። የነቀለው የቀኙን፣ የታችኛውን፣ ጤነኛውን፣ ያልደነዘዘውን ነው። ክፍሉም በጭብጨባ ተናጋ።

ፖስተሩ ላይ እጇን አንስታ የምትታየው ለዚህ ነው። ከሥሩ እንዳጻፉት «እናታችን ምስጋናቸውን ሲገልጹ» ሳይሆን፣ «እሱ አይደለም» እያለች ነበር። ጉጠት አፍ ውስጥ ገብቶ በእጅ ካልሆነ በምን ይባላል?

ሦስተኛ፣ አቤቱታዬን ተቀብሎ በትሕትና የመለሰልኝን ክፍል ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። መልሱ ባጭሩ፣ ታካሚዋ ተቃውሞዋን በወቅቱ በግልጽ ቃል ማሰማት ነበረባት የሚል ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ እውነተኛ እምዬ ላይ ሲለከክ ያየሁት ግን ገና አሁን ነው። ሐኪሙስ ቢያንስ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ አልቅሷል፤ «አይዞህ ልጄ፣ ጥርስ ነው፣ ዓይን አይደለ» እያለች ያባበለችው እናቴ ናት። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሩቅ ጤና ጣቢያ አዛወሩት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አሁን የታመመውን ጥርስ እንኳ የሚነቅል ሰው የለም። ክፍሉ ተቆልፏል፤ በመስኮት አጮልቄ ባይ እኔ ባለበስኩት ወንበር ላይ የዘመቻው በራሪ ወረቀት በካርቶን ተከምሮበታል። የቀረው የላይኛው መንጋጋ ብቻውን አያኝክምና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራላት ብዬ ብጠይቅም፣ በዕቅዱ ውስጥ የተያዘው ጥርስ መጠበቅ እንጂ ጥርስ መተካት አይደለም ተብያለሁ።

ካነሳሁት አይቀር ስለ በራሪ ወረቀቱም ልበል፤ ይህን አራተኛ ይበሉት። ደስ ይበልዎት፣ እናቴ ከምክርዎ አንዱንም አልተላለፈችም። ለውዝ በጥርስ አትስበሩ ይላል፤ አልሰበረችም። ከረሜላ አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ አትቆዩ ይላል፤ አልያዘችም፣ ስኳር ያንን የተቦረቦረውን ሲነካው ጣሪያ ያስነካታልና። ጣፋጭ ከምግብ ጋር ብሉ እንጂ ቀኑን ሙሉ አትቀማምሱ ይላል፤ ምግቡ ከሌለ ከምን ጋር ይበላል? ከበላችሁ በኋላ በውሃ ተጉመጥመጡ ይላል፤ እሷ ሳትበላም ትጉመጠመጣለች። በዚህ ከተማ ውስጥ መመሪያዎን ከሀ እስከ ፐ የፈጸመ አንድ ሰው ቢፈለግ እሷ ናት የምትገኘው።

የበዓሉን ዕለት ባልጽፍልዎ በወደድኩ። ወንድሜ ከነሚስቱ፣ ታናሽ እህቴ ከነልጆቿ ተሰብስበው ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ምግቡን ያበሰለችው እናቴ ናት። ሁላችንም ስንቀመጥ እሷ «ስቀምስ ውዬ ጠግቤያለሁ» ብላ ማስተናገድ ያዘች፤ ሰሃን ታነሳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ትከሻችንን ዳበስ አድርጋ ታልፋለች፣ መቀመጥ ግን የለም። እህቴ ግድ ብላ አስቀመጠቻትና ከጥብሱ ለስላሳውን መርጣ ሰሃኗ ላይ አደረገችላት። እናቴ ያቺን ቁራጭ ሥጋ ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያንከባለለች ብዙ ቆየች፤ እኛም እንዳናያት ሰሃናችን ላይ አቀረቀርን። ኋላ መሃረቧን አውጥታ፣ ያስነጠሳት መስላ፣ መለሰችው። እህቴ ተነስታ ሁሉንም ፈጭታና አለስልሳ ብታመጣላት አልነካችውም፤ ለልጆቿ ስትፈጭ የኖረች ሴት በልጆቿ ፊት የሕፃን ምግብ መብላት ሞት መሰላት። ከዘመቻዎ ወዲህ ቀሚሷን ደጋግሜ ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ መርፌ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ። እየቀለለችብኝ ነው። ይህን እንኳ በማሾፍ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ ይሉኝ ይሆናል። የተነቀለው ጥርስ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ የታመመውም ተራው ደርሶ እስኪነቀል ሕመሟን ለምዳ ትኖራለች፤ ሲነቀል ደግሞ የምታኝክበት ስለሌላት ለውጥ አይኖረውም። ፖስተሩ ብቻ ይነሳልኝ ብዬ ነበር። ፀሐይና ዝናብ እስኪጨርሰው የሚቆይ መሆኑ ተነግሮኛል፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እናቴ ገበያ ስትሄድ በፌርማታው በኩል ማለፍ ትታ በመጋዘኖቹ ዙሪያ ዞራ ትሄዳለች። ለምን ስላት፣ እግሯን ለማፍታታት ነው ትለኛለች።

ይህን ሁሉ አንብበው እንደማይጨርሱት በመተማመን፣ ለመጪው በዓል የሚቆረጠም አጥንትና የሚቆረጥም መንጋጋ አብዝቶ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ጥርስዎ እንዲጸና እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

ወንበርዎን ያለበሰው፣ የፖስተርዎ ሴትዮ ልጅ።

ማስታወሻ፦ ልፈርም ስል የጽሕፈት ቤትዎ ተላላኪ በሩን አንኳኳ። እናቴ የዘመቻው የክብር እንግዳ ሆና በመጪው እሁድ በሚያደርጉት የምሳ ግብዣ ላይ ከእርስዎ ጎን እንድትቀመጥ ጠርተዋታል፤ ሙሉ በግ እንደሚጠበስም ተላላኪው በደስታ ነግሮናል። ቅሪ ብላት «ትልቅ ሰው አክብሮ ጠርቶኝ እንዴት እቀራለሁ፣ ነውር አይደለም እንዴ» አለችኝና ጫማዋን ልትወለውል ተነሳች። ስለዚህ ትመጣለች። ሰሃኗ እንደቀረበ ቢመለስ ጠግባ ነው ይበሉ፤ እሷም እንደዚያው ትልዎታለች። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ ካሜራው ሲመጣ «እማማ፣ ፈገግ ይበሉ» አይበሏት።