በሦስት ጎማ የሚይዝ ፍሬን

ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አድማሴ መንበሩ፤ አስመራ።

ጤናዎ እንዴት ነው? የጎንዎ ውጋት ተሻለዎት? እትዬ አደይስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የእናንተ አገር ወሬ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር አባባ ድምፁን ቀንሱት ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ምን አለ ብለው ይጠይቃሉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባባን ግራ ጎናቸውን እንደያዛቸው ነው፤ አንደበታቸውና ልባቸው ግን አልተያዘም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልሰደድሁት እንዳይከፈት ብዬ ነው። አስመራ የሚመላለሱት ሹፌር አቶ ዓለምብርሃን በእጃቸው ያደርሱልዎታል፤ አንብበው ያቃጥሉት።

ነገሩ በአሮጌዋ ትንሽ የጭነት መኪናችን የመጣ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ልጆች መኪናችሁ ደብረ ማርቆስ ታደርሳለች አለ። የሚነዳትም ቢሰጥ የሚሉት የጎረቤታችን ልጅ እንደሆነ ነገረን። እኔ ፍሬኗ ከሰሞኑ አልይዝ ብሏል፣ እንኳን ሰው እህልም አልጫንባትም አልሁት። እሱ ግን ወደ አባባ ዞሮ፣ «ማክሰኞ ስትሄድ አይተናታል። ቅዳሜ ካልሄደች አሻጥር ነው፤ የሚጠየቁትም ባለቤቱ ናቸው» አለ።

አባባ መሥራት ስለማይችሉ ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ። በርጩማ አውጥቼ ከመኪናዋ አጠገብ አስቀመጥኋቸውና እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ፔዳሉን ስረግጠው እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ደጋግመሽ እርገጪው አሉኝ። ሦስት አራት ጊዜ ስረግጠው ትንሽ ከፍ አለ፤ እግሬን ሳላነሣ ስቆይ ግን ቀስ እያለ ወረደ። እንግዲያው ዘይቱ የሚያመልጥበት አለ አሉ። የፍሬን ዘይቱን ማስቀመጫ ከፍቼ ባየው ጎድሏል። በየጎማው ውስጠኛ ጎን እጄን እየሰደድሁ ዳሰስሁ፤ ሦስቱ ደረቅ ናቸው፣ የቀኙ የኋላ ጎማ ግን እርጥብ ነው። በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ሸጉጬ፣ በክሪክ አንሥቼ፣ ጎማውን ፈትቼ ሳይ እየተጫነ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሷል። ዘይቱን የምታግደው ትንሽ ላስቲክ ተቀድዳለች።

የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ላስቲክ ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጠፋች። ቡሬ አንድ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አትጠፋም ሲሉኝ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድሁ፤ ቅዳሜ እስኪያልፍ ከእናንተ ቤት ሰው ከከተማ አይወጣም አሉኝ። ላስቲኳ ካልተገኘች መኪናዋ አትሄድም፣ መኪናዋ ካልሄደች አባባ ይታሰራሉ፣ ላስቲኳን እንዳመጣ ደግሞ መውጫ የለኝም። ጋሼ፣ ግቢያችን እንደዚያ ቀን ጠብቦኝ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት አክስታችን እትዬ ጥሩዬ መጡ። ክንዱ የሚሉት ልጃቸው ከገበያ ተይዞ ከሚሄዱት ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ዘይት የነካውን እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ እንዳትሠሪያት» አሉኝ። አባባ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ባልሠራትም በሌላ መኪና ይወስዱታል አልኋቸው። እውነቴን ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን አንዳችንንም አላጽናናም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

አባባ ሌላ ዘዴ ያውቁ ኖሯል። ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቀጭን ቧንቧ ቆርጠሽ፣ ጫፉን አጥፈሽ ቀጥቅጪው፤ በሦስቱ ትይዛለች አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ዘይቱን ሞልቼ፣ ቢሰጥ መጥቶ ፔዳሉን እየረገጠልኝ ከሦስቱ ጎማዎች አየሩን አስወጣሁ። ፔዳሉ ጠነከረ። ሲይዟት ግን ወደ ግራ ትስባለች። አባባ ለቢሰጥ፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ከስምንት ሰው በላይ አትጫን አሉት። ቅዳሜ ሃያ አንድ ልጆችና ሁለት ጠባቂዎች ተጫኑባት።

ብትበላሽ የምታውቃት እሷ ናት ብሎ ሊቀ መንበሩ እኔንም ከቢሰጥ ጎን አስገባኝ። ደምበጫን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ክብደቱ ገፋን። ቢሰጥ ፍሬን ሲይዝ ወደ ግራ ሳበችው፤ እሱ ከመሪው ጋር ሲታገል እኔ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎተትሁት። ከመንገዱ ወጥታ ዳር ያለውን የአፈር ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ልጆቹ እየዘለሉ ወረዱ። ሦስቱ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጡ፤ አንዱ ጠባቂ ተከተላቸው፣ ሌላው ከቢሰጥ ጋር ጎማ ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል። ክንዱ እኔ አጠገብ ነበር፣ የሚያየው ሰው አልነበረም። ሂድ አልሁት በዓይኔ።

«እኔ ከሮጥሁ ፍሬኑን ሆን ብላ አበላሸችው ይላሉ» አለኝ። «የአጎቱ ልጅ ናት ይላሉ።»

ከዚያ ተመልሶ መኪናዋ ላይ ወጣና ተቀመጠ።

ልጆቹ የሸሹት በአሻጥር ነው ብለው እኔን ሁለት ቀን ያዙኝ። የገዛ ዘመዷ እንኳ አልሸሸም ተባለና ተለቀቅሁ። አሁን በየጠዋቱ ቀበሌ እየሄድሁ እፈርማለሁ፤ ከከተማው መውጣት አይፈቀድልኝም። እትዬ ጥሩዬ በደጃችን ሲያልፉ አያዩኝም። ልጃቸው ማምለጥ ሲችል ለእኔ ብሎ እንደቀረ አያውቁም። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ እደጃቸው ደርሼ ተመልሻለሁ።

ከማሠልጠኛ የወጡት ወደ እናንተ አገር ይላካሉ ሲሉ ሰማሁ። ክንዱ ቀጭን ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት፣ ሲናገር ትንሽ ይንተባተባል። እባክዎ ወታደር ባዩ ቁጥር ፊቱን ይዩልኝ። ካገኙት ምን እንደሚሉት እኔም አላውቅም፤ ብቻ ቤት ወስደው ያብሉት።

እትዬ አደይን፣ እጅጉንና ታናሹን ይሳሙልኝ። አባባ በቀኝ እጃቸው ይመርቁዎታል። ቢሰጥም ሰላም ብሎዎታል። የእትዬ ጥሩዬን ሰላምታ ግን ልጽፍልዎ አልቻልሁም፤ ደብዳቤ እየጻፍሁ መሆኑን አልነገርኋቸውም።

እህትዎ ገላነሽ መንበሩ
ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1980 ዓ.ም.