ባዶ ሣጥኖችን እንድንዘምር ስላደረጉን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ወንድም ኃይለመስቀል፣
በጋምለ ኦስሎ የምሕረት ደጅ አማርኛ ቤተክርስቲያን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ
ኦስሎ፣ ኖቬምበር 2009 እ.ኤ.አ.

ሰላምና ጤና ከነመላው ቤተሰብዎ ይብዛልዎ፤ ክረምቱንም ያለ ጉንፋን ያሳልፍልዎ። ይህን ደብዳቤ ልብስ መስቀያው አጠገብ የለጠፍሁት፣ ካፖርቱን የሚሰቅል ምእመን ሁሉ የምስጋናዬ ተካፋይ እንዲሆን ስለ ፈለግሁ ነው።

፩. በቅድሚያ የመዝሙር ግጥሞቻችንን ግድግዳው ላይ ስታበራ የኖረችውን፣ ሊኑክስ የተባለው ሶፍትዌር የተጫነባትን ላፕቶፕ ኮምፒውተር ከአገልግሎት ስላሰናበቱልን አመሰግናለሁ። በእኔ እጅ ሳለች አንድ እሁድ እንኳ አልታመመችም፤ ይህ ራሱ እንደሚያስጠረጥራት ማሰብ ነበረብኝ። ጉባኤው የሊኑክስ አርማ በሆነው ፔንግዊን ላይ በሰፊው ተወያይቶ፣ ወፍ ሆኖ የማይበር ፍጥረት ለምእመናን መልካም ምሳሌ አይሆንም ሲል መወሰኑን በማስታወቂያ ሰዓት ሰምቻለሁ። ርግብ ቢሆን ኖሮ ግድ እንዳልነበራችሁም ተረድቻለሁ።

፪. በምትኩ ስለ መጣችው ነጭ ኮምፒውተር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አዳራሹን የሚያከራዩን ኖርዌጂያኖች ጠዋት የሚጠቀሙባት ዓይነት መሆኗ ብቻውን ክብር ነው። የአማርኛ ፊደል ስላልተጫነባት፣ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ አዝማቹ በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥኖች ትደረድርልናለች። ይህን ለማስተዋል ሳምንታት መፍጀቱ ማንንም አያስወቅስም፤ መዝሙሩን በቃላችን ስለምናውቀው ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንዘምረው።

፫. ችግር የገጠማት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ወላጅ እናቴ አባይነሽ ናት። ጆሮዋ ከደከመ ስለ ቆየ መዘምራኑን አትሰማም፤ ከእኛ ጋር የምትዘምረው ግድግዳው ላይ ያለውን ስንኝ በዓይኗ እየተከተለች ነበር። ሣጥኖቹን ስታይ ኮምፒውተሯን አልጠረጠረችም፤ ሽማግሌዎች ጸልየው የመረጡት ዕቃ ይበላሻል ብላ እንዴት ታስብ! ዓይኔ ጠፋ ብላ አለቀሰች። የዚያን ዕለት የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ደብዳቤው የምስጋና ስለሆነ ግን እዚህ ላይ አላስፋፋውም።

፬. ፊደሉን መጫን ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የሚያልቅ ሥራ መሆኑን ደጋግሜ ሳመለክት፣ ጉዳዩ በጸሎት ተይዟል የሚል መልስ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። በኋላ እንደ ገባኝ፣ በጸሎት የተያዘው የኮምፒውተሯ ሳይሆን የእናቴ የዓይን ጉዳይ ነበር። ጾም ታወጀላት፤ ዘይት ተቀባች። ሊንደበርግ ሰፈር ያለው ኦፕቲከር የሚሉት የዓይን መርማሪና መነጽር ሰጪ መርምሯት ዓይኗ ደህና ነው ባለ በሳምንቱ፣ እርስዎ ከመድረክ ላይ መፈወሷን አበሰሩ፤ አዳራሹም በእልልታ ተናወጠ። እናቴ እልልታውን ባትሰማም የተዘረጉትን እጆች አይታ ተነሣችና እጅ ነሣች።

ጥፋቱ የኮምፒውተሯ እንደሆነ አስረድቻት ገብቷታል። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ እልልታ በኋላ አይነበብም ብትል ፈውሷን የካደች መስሎ ስለሚታያት፣ እሁድ እሁድ ሣጥኖቹን ትኩር ብላ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ምን እንደምትዘምር ብጠይቃት፣ ሌላው ሰው አፉን ሲዘጋ አብራ እንደምትዘጋ ብቻ ነገረችኝ። እኔ ልጇ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ጉባኤው ከሰፊ ሥራው መካከል ጊዜ ቢያገኝ፣ ነጯ ኮምፒውተር ፊደል እንዲጫንባት ወይም ፔንግዊኗ ይቅርታ ተደርጎላት እንድትመለስ፣ ካልሆነም አባቶች ወደ ፊት ወጥተው ሣጥኖቹን ለእናቴ አንብበው እንዲያስረዱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

አስተዋይነታችሁን ሳስብ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ ለውሳኔዎቻችሁ ሁሉ ገና መደነቄን ያልጨረስሁ፣
ታዛዥ እህታችሁ ጤናዬ ተክሉ
የቀድሞ የመዝሙር ግጥም አብሪ፣ ከሃውገንስቱዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሁድ የተሰናበተችውንና እኔ ጋ የተጠለለችውን ኮምፒውተር ከቤት አምጥቼ እናቴ ጭን ላይ ከፈትሁላት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘመረች። ማናችንም በቃላችን የማናውቀው አዲስ መዝሙር ላይ ሲደረስ፣ ከኋላዋ አንገታቸውን አስግገው ከጭኗ ላይ ስንኙን ሲያነቡ የነበሩት ሽማግሌ እርስዎ ነበሩ። በመጪው እሁድ ከእናቴ በስተቀኝ ቦታ ይዘንልዎታል፤ ፊደሉንም አተልቅልዎታለሁ።