ብርቱካናማ ቀለም የቀባሁት ብረት

ብራየር ሆሎው፣ ቨርጂኒያ
የካቲት 1988፣ እሑድ ከሰዓት

ውድ ዌንደል፣

ይህ ደብዳቤ የሚደርስህ ከመሣሪያ ሣጥንህ ጋር ነው። ሣጥኑን መጀመሪያ እንዳትከፍተው። እኔ ሰው ማዘዝ አይሆንልኝም፤ ቤቴ ውስጥ ያለው ውሻ እንኳ የሚሰማው ባለቤቴን ማቪስን እንጂ እኔን አይደለም። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ እሺ በለኝና ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበህ ከዚያ ክፈተው።

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አስቤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። እናትህ የኦሃዮ ብርድ ከኛ እንደሚብስ፣ አክስትህ ዘንድ ሆነህ ካርቶን ፋብሪካ እንደገባህ ነግራኛለች። ማሽን ሲበላሽ እጅህን ኪስህ ከተህ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪሠራው እንደምትጠብቅም ነገረችኝ። በብራየር ሆሎው የመኪና ውድድር ሜዳ አንተን የሚያህል መካኒክ አልነበረም። ይህን ፊት ለፊት ብዬህ አላውቅም፤ የወንድምህን መኪና እያሳመርክ በየቅዳሜው ከኔ ታስቀድመው ስለነበር አንተን ማመስገን አይጥመኝም ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሣጥንህን ይዘህ ደጃፌ የመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ። ዝናብ ነበር። ግባ ብልህ አልገባም አልክ።

«ውሰዳቸው ኤመት። አንተ ትሠራባቸዋለህ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«አክስቴ ጋ። ቤት ውስጥ እንዲቀመጡ አልፈልግም። ባየኋቸው ቁጥር አጥብቄው ነበር ወይስ አላጠበቅኩትም እያልኩ እብድ ልሆን ነው።»

እኔም «እሺ፣ አስቀምጥልሃለሁ» አልኩህ።  የጥያቄህ መልስ ግን በዚያች ሰዓት ከኋላዬ፣ ከምድጃው ጎን ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። ዌንደል፣ መልሱን እያወቅሁ መኪናህን አስነስተህ እስክትሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየሁህ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። የምታውቀውንም እነግርሃለሁ፤ አንተ የምታውቀው ግማሹን ነውና።

መስከረም ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር። እኔ በነጥብ አንደኛ፣ ወንድምህ ላይል በአራት ነጥብ አንሶ ሁለተኛ። ከሰዓት በኋላ ለሙከራ ስትወጡ ላይል ሦስተኛውን ኩርባ ሰፋ አድርጎ ገባና ግድግዳውን ገጨ። ቀኝ የፊት ጎማ የሚያርፍበት ብረት ተጣመመ፤ እናንተ ደግሞ ትርፍ አልነበራችሁም። እኛ ሜዳ ሰው ሲቸገር ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ በቀጥታ ሊያሸንፈው ወደሚፈልገው ሰው ነው። አንተ ራስህ ባለፈው ዓመት የነዳጅ ፓምፕ አውሰኸኝ በዚያው ፓምፕ አሸንፌያችኋለሁ። ላይል እንደ ልማዱ እጁን በሱሪው እየጠረገ እቃ የምጭንበት ተጎታቼ ጋ መጣ። አንተ ከኋላው ነበርክ።

«ኤመት፣ ቀኝ ፊቴን አጣምሜዋለሁ። ትርፍ አለህ?»

«ለምን ብዬ እሰጥሃለሁ? ካልሮጥክ ዋንጫው የኔ ነው።»

«ስትሸነፍ ፊትህ የሚሆነውን ማየት ስለምወድ።»

ከተጎታቹ ውስጥ ብረቱን አውጥቼ ሰጠሁት። እቃዬ ሁሉ ብርቱካናማ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እሱም እንዲያው የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ነበር። ላይል አገላብጦ አየው። «ጥሩ ነው?» አለኝ። እኔም «ከኔ ወገብ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው» አልኩት። ሳቀ። ያኔ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቁራጭ ፕላስተር ቀድዶ «ከኤመት፣ ቀኝ ፊት» ብሎ ጻፈና መሪው አጠገብ ለጠፈው። የተዋሰውን እንዳይረሳ።

ያልነገርኩት ይህን ነው። ያ ብረት ሰኔ ላይ እኔን ይዞ ከግድግዳ ጋር የተላተመ ብረት ነው። የዚያን ሰሞን ፈትቼ ከተማ ወስጄ ላስመረምረው ብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ሳየው ቀጥ ብሏል። አንድ ቀን ሥራ ስፈታ በብሩሽ ጠረግሁትና ቀለም ቀባሁት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ መሰለኝ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትኖርበት ቀለሙ እንደሚደፍናት ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ሊጠፋው አይገባም ነበር። አንተ ሌንስ ይዘህ ብታየው እንኳ ምንም አታገኝም ነበር፤ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

ስትገጥመው አጠገብህ ቆሜ ነበር። ቸኩላችኋል፣ ሜዳው ላይ ስም እየተጠራ ነው፣ አንተ ግን አልቸኮልክም። አምስቱን የጎማ ዳዶ በመስቀለኛ አሰርክ፤ ከዚያ የማጥበቂያው ልክ ሲሞላ ቀጭ የሚለውን ያንን ረጅም ቁልፍህን አውጥተህ አንድ በአንድ ቀጭ እስኪል አጠበቅካቸው። ላይል ከውስጥ «ጠበቀ?» አለ። አንተም ጣራውን በመዳፍህ ሁለቴ መታህ። ዓይኔ ያየውን ነው የምነግርህ።

በስልሳ ሁለተኛው ዙር ላይል ይመራ ነበር፣ እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ አፍንጫዬ ከሱ ጅራት የአንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ነው። ፀሐይዋ ገና ከዛፎቹ በላይ ነበረች። ሦስተኛው ኩርባ ልንገባ ስንል ቀኝ ፊቱ ዝቅ ሲል አየሁ። ጎማው ወጥቶ ሄደ። መኪናው አልታጠፈም፤ በቀጥታ ሄዶ ግድግዳው ውስጥ ገባ። እኔ እንዴት አልፌው እንደሄድኩ አላውቅም። ስቆምና ሮጬ ስመለስ አንተ ከኔ ቀድመህ ደርሰህ በመስኮቱ አንገቱን ደግፈህ ይዘኸው ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ እንደሞተ እኛ ሜዳው ላይ የቀረነው ማታ በራዲዮ ሰማን።

ሰው ሁሉ ያየው ጎማውን ነው። ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ እየተንከባለለ ሄዶ አጥሩ ጋ ሲወድቅ ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል። ጎማ ብቻውን ሲሄድ ያየ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ማን ነው ያሰረው? በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ክሊተስ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ውድድር ሜዳ ላይ መዓት ያመጣል የሚባለውን ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ይዞ መኪኖቹ ጋ ገብቷል፣ ጠንቁ እሱ ነው ብሎ ሲምል ነበር። እኔም ኦቾሎኒው ነው ብዬ ለማመን ፈልጌ ነበር፤ ሞክሬም ነበር። ሌላው ሰው ግን ያንተን ስም ነበር የሚያነሳው። «አላጠበቅከውም» ለማለት ፖስታ ሣጥናችሁ ውስጥ ዳዶ የጣለውን ሰው እስካሁን አላወቅሁትም። ባውቀውም ምን እለዋለሁ? ያንን ዳዶ የጣልኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ እናትህ ቤቴ መጣች። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ላይል የተዋሰውን ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም» አለችኝ። «መሪው ጋ ጽፎት አየሁ። ወንድሜ ፈታልኝ፣ እኔ ጠረግሁት፣ ዘይትም ቀባሁት። ሲጋጭ ተሰብሯል ኤመት። ይቅርታ።»

ይቅርታ አለችኝ ዌንደል። ለኔ።

እሷ ስትሄድ ፎጣውን ፈታሁት። ብረቱ ጎማውን ከሚሸከመው ጫፍ ላይ ተቆርጧል። የተቆረጠበትን ፊት ሳይ ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል፣ ግማሹ ቡናማ ነው፣ ዝጓል። ዝገት በአንድ ቀን አይመጣም። ያ ግማሽ ከሰኔ ጀምሮ ተሰንጥቆ ውሃና አየር ሲገባበት የከረመ ነው። ግድግዳው አልሰበረውም፤ እሱ ስለተሰበረ ነው ላይል ግድግዳውን የመታው። ይህን ለመረዳት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለመናገር ግን አራት ወር ፈጀብኝ።

ኅዳር ላይ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ራት ተበላና ዋንጫውን ሰጡኝ። ተነሥቼ ስለ ላይል ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ፤ ሰው አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ እንባውም የውሸት አልነበረም። አንተ አልነበርክም። አንዱ «ምን ፊት ይዞ ይመጣል» ሲል እየሰማሁ ድንቼን በላሁ።

የባሰው ገና ነው። ይህን ለማቪስ እንኳ የነገርኳት ትናንት ነው። የዚያን ዕለት ተጎታቹ ውስጥ ሁለት ነበሩኝ። አንደኛው አዲስ ነበር፣ ከነወረቀቱ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ። ላይል ሲጠይቀኝ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ አዲሱ ነው። ከዚያ የኔም ቢጣመምስ ብዬ አሰብኩ። አዲሱን ለራሴ አስቀረሁና አሮጌውን ሰጠሁት። ይህን ያሰብኩት እጄን ከአንዱ ወደ ሌላው እስካዛውር ብቻ ነው። ክፋት አልነበረውም። ስስት ነው። አዲሱ አሁንም ወረቀቱ ውስጥ አለ፣ ልነካው አልቻልኩም።

ዓርብ ዕለት ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ እናትህን አገኘኋት። ስለ ፋብሪካው፣ እጅህን ኪስህ ስለመክተትህ፣ ስለ ዳዶው ያጫወተችኝ ያኔ ነው። ዳዶውን መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጥከውና እንዳትጥለው እንደከለከልካት ነገረችኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር መኪናዬን አቁሜ ብዙ ቆየሁ። ትናንት ጠዋት ብረቱንና ሣጥንህን ጭኜ እናንተ ቤት ሄድኩ።

ኩሽና ውስጥ ባቄላ ትለቅም ነበር። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰኔን፣ ቀለሙን፣ አዲሱንም።  ስጨርስ ብረቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታኝ የተሰበረበትን ፊት በብርሃን አገላብጣ አየችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

«ለዌንደል ነግረኸዋል?» አለችኝ።

«ገና ነኝ ወይዘሮ ኦፓል። መጀመሪያ ለእርስዎ ብዬ...»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ካፖርቷን ለበሰችና «ሣጥኑን ይዘህ ና» አለችኝ። ወደ ትምባሆ ጎተራው ሄድን። መኪናው ሸራ ለብሶ እንዳለ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሷና ከአጎትህ በቀር የገባ የለም፣ አንተም ደጁን እንዳልረገጥክ ነገረችኝ። ጎማው ከጥግ ወድቋል። ገለበጥኩት። ዳዶዎቹ አምስቱም ቦታቸው ላይ አሉ፤ ጎማው የሄደው ከነዳዶው፣ ከተሰበረው ጫፍ ጋር ነው። ማንም ሰው አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢያየው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ግን ማን ሊያየው ይደፍራል?

«ሞክራቸው» አለችኝ።

ረጅሙን ቁልፍህን ከሣጥኑ አወጣሁ። ልኩ አንተ እንደተውከው ነው። የመጀመሪያው ላይ አስገብቼ ተጫንኩት። ዳዶው ንቅንቅ አላለም፣ ቁልፉ ቀጭ አለ። እናትህ «አንድ» አለች። ሁለተኛው ላይ ቀጭ አለ። «ሁለት» አለች። እንዲህ እያልን ቀጠልን። አምስት ስትል ጎማው ላይ ቁጭ አለች። ላይል ከሞተ ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። እጄን ትከሻዋ ላይ ላሳርፍ ፈለግሁ፣ አልደፈርኩም።

ስወጣ አድራሻህን የሱቅ ከረጢት ቀድዳ ጻፈችልኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም፣ አንተንም አልጠይቅህም። በሩ ላይ ስደርስ «በደንብ ጠቅልለው» አለችኝ። «የሚያብለጨልጨው እንዳይዝግ። ለይቶ ማየት አለበት።»

መጋቢት ላይ ከመጀመሪያው ውድድር በፊት አሽከርካሪዎች ሁሉ ሲሰበሰቡ ተነሥቼ ይህን ሁሉ በአንደበቴ እናገራለሁ። ዋንጫውን ለሜዳው እመልሳለሁ። ከእንግዲህ አልሮጥም። ያኔ እዚያ እንድትገኝ አልለምንህም፤ ብትመጣ ግን አጥሩ ጋ ቆመህ ስምህን ሲጠሩ ቀና ብለህ የምትሄድበት ቀን ይሆናል።

አሁን ሣጥኑን ክፈተው። ከላይ በጨርቅ የተጠቀለለው ብረቱ ነው። ወደ ብርሃን ይዘኸው ሂድና የተሰበረበትን ፊት እይ። የሚያብለጨልጨው ግማሽ የዚያች ቅዳሜ ነው። የዛገው የኔ ነው። ከሥሩ ረጅሙ ቁልፍህ አለ፤ ልኩን አልነካሁትም።

ኤመት ሃግዉድ