በዓዚዛ ስም

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 1

ሙቀቱ ለጉድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስተኩስ ዋልኩ። የማዳም ቀሚሶች፣ የባሏ ሸሚዞች፣ አንሶላ... መብራት ሁለቴ ሄደ። አገር ቤት ይሄኔ ሰው ጃንጥላ ይዞ ጭቃ ይዘላል። እዚህ ክረምት ማለት ምድጃ አፍ ላይ ቆሞ መዋል ነው።

ማዳም ኻሊዳ ሐሳቧን ቀይራለች። እዚህ ሄሮን ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ከተማውን ጥሎ ሲወጣ እሷ ለምን ትቃጠል? ነገ በጠዋት ልጇን ዓዚዛን ይዛ አርታ፣ አማቷ ጋ ልትወጣ ነው። ተራራ ነው፣ ነፋስ አለ። ባሏም ከወደብ ሥራው ሲወጣ እዚያው ሄዶ ሊያድር ነው። እኔና ልጄ ትርሲት ቤት እንጠብቃለን።

ዓዚዛ ግን ሙዚየም ተመዝግባ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ልጆችን ጠዋት ተቀብለው ቀትር ላይ ይመልሳሉ፣ አራት ሳምንት ሙሉ። የሚወስዱት ሃያ ልጅ ብቻ ነው። ማዳም ሻንጣ እየዘጋች «ስልካቸው አይነሳም፤ ነገ ሄደሽ ዓዚዛ አትመጣም በያቸው» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

እሁድ፣ ሐምሌ 2

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልሆነ ለራሴም አይገባኝም።

ትርሲትን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ይዣት ሄድኩ። ዓዚዛን የጠበባት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ሙዚየሙ በር ላይ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ወረቀት ይዛ ቆማለች። ልጄን አየቻት፣ ፈገግ አለች፣ ጎንበስ ብላ በፈረንሳይኛ «ዓዚዛ ነሽ? አንቺን ነበር የምንጠብቀው» አለቻት። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር እኮ... ሴትየዋ ስም የተጻፈበትን ካርድ ከነክሩ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። ትርሲት ዞራ አየችኝ።

ዝም አልኩ።

ገባች።

ምን ነካኝ? ከዓዚዛ በሦስት ወር ነው የምታንሰው፣ ሁለቱም አስር ዓመታቸው ነው። አንድ ቤት ነው ያደጉት። ፈረንሳይኛውን ከእሷ ጋር እየተጫወተች፣ ያለቀ ደብተሯን እያገላበጠች ለቃቅማዋለች። የትርሲት አባት ገና ሳትወለድ በከባድ መኪናው እንደወጣ ቀርቷል፤ ከኔ በቀር ማን አላት? ቦታው ባዶ ነው። ማንን ጎዳሁ? ግን ዓዚዛን የሚያውቅ ልጅ እዚያ ቢኖርስ?

ቀትር ላይ ስወስዳት ፊቷ በርቷል። «እማዬ፣ ነገም ነው?» አለችኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 3

ዛሬም ወሰድኳት። ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 4

ነገ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6

ዓዚዛን የሚያውቅ የለም፤ ልጆቹ ከሌላ ሰፈር ናቸው። እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መኪና ቤቱ ደጃፍ በቆመ ቁጥር መጋረጃ ገልጬ አያለሁ። አርታ ቅርብ ነው፤ ማዳም አንድ ነገር ረሳሁ ብላ ብትመጣስ?

ትርሲት ግን ወሬዋ አያልቅም። የገል ስብርባሪ በጥርስ ብሩሽ አጠብን፣ የአፋር ቢላዋ ሳልን፣ የድሮ መርከብ መብራት አየን... መነጽር ያላት ሴት ኸዲጃ ትባላለች። እናቷ ድሬዳዋ ያደጉ ስለሆኑ አማርኛ ትችላለች አለችኝ። ከሁሉ ከሁሉ የገረማት የካርዱ ነገር ነው። እዚያ ቤት አንድ ዕቃ ሲገባ ካርድ ይጻፍለታል፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሰጠው። «ካርዱ ከተሳሳተ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ይሳሳታል» ብላቸዋለች ኸዲጃ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ዐይኔን አታይም ነበር። ወይስ ለኔ ነው የመሰለኝ?

አርብ፣ ሐምሌ 7

ሃያብለ ሰፈር፣ የውብዳር ጋ ዋልን። እዚህ አገር ከዘመድ የምትሻለኝ እሷ ናት፤ ከዚህ ቤት በፊት አብረን ሠርተናል። ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«ታዲያ ምን ሆነ? ከሚባክን ልጅሽ ትማርበት።»

«ቢታወቅስ?»

«ቢታወቅማ ሻንጣሽን ውጪ ነው የምታገኚው። መታወቂያ የለሽ፣ ወረቀት የለሽ። እሱን አስበሽበታል?»

አላሰብኩበትም። አሁን ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 11

መንገድ ላይ ትርሲት ቆመች።

«እማዬ፣ እዚያ ስንደርስ እጄን አትያዢኝ።»

«ለምን?»

«የሌሎቹ ሠራተኞች እጅ አይዙም። ቦርሳ ይዘው ከኋላ ነው የሚመጡት።»

ልክ ናት። እኔም ዓዚዛን ትምህርት ቤት የማደርሳት እንዲያ ነው። ቦርሳውን ወስጄ ከኋላዋ ሄድኩ። ጀርባዋን እያየሁ... ጎበዝ ናት፣ ሁሉን ታስተውላለች። ታዲያ ለምን ተናደድኩ? በማን ነው የተናደድኩት? ከሰዓት በኋላ የታጠበውን መሬት እንደገና አጠብኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 13

ማዳም ከአርታ ደወለች። ተክሎቹን ውሃ አጠጣሽ? አዎ ማዳም። ፍሪጁን አጠፋሽ? አዎ ማዳም። ሙዚየሙ ሄደሽ ነገርሽልኝ? አዎ ማዳም፣ ነግሬያቸዋለሁ።

ውሸቷ እንዴት ቀልጠፍ ብላ ወጣች! እስከዛሬ ዝም ነበር ያልኩት። ዛሬ ዋሸሁ።

እሁድ፣ ሐምሌ 16

የቤት ሥራ መጣ። እያንዳንዱ ልጅ በዕድሜ የሚበልጠውን አንድ ዕቃ ከቤቱ ይዞ መምጣት አለበት። የመጨረሻው ሐሙስ ኤግዚቢሽን አለ፣ ወላጅ ይጠራል።

ከቤቱ... ከየትኛው ቤት? ሳሎን ውስጥ የማዳም አያት የወተት ዕቃ ተሰቅሏል፣ ያማረ ነው። ትርሲት አየት አደረገችው። የሰው ዕቃ አይነካም አልኳት። ስሙን ነክተን የለ እንዴ ብትለኝ ምን እመልስ ነበር? አላለችኝም። ክፍላችን ገብታ ሻንጣዬን ስትፈትሽ ቆይታ የባቡር ትኬቴን ይዛ ወጣች። ከድሬዳዋ የመጣሁበት፣ ጥር 1998። በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበት፣ ጠርዙ የተበሳ ካርቶን። ያ ባቡር ከቆመ ስንት ዓመቱ።

«ይሄ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል» አለች። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከኔ ዕቃ ሙዚየም የሚገባ ነገር ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 18

ቀደም ብዬ ደረስኩ። ልጅ የሚወስዱ ሠራተኞች በር ላይ ቆመዋል፣ አብሬያቸው ቆምኩ። ልጆቹ ውስጥ ተራ በተራ ያመጡትን ያሳያሉ። የትርሲት ተራ ደረሰ። ስለ ባቡሩ ተናገረች። የሃዲዱን፣ የጣቢያዎቹን ስም፣ ሁሉን አጥንታዋለች። እኔ በር ላይ በኩራት ልፈነዳ ደርሻለሁ።

ኸዲጃ ጠየቀቻት። «የማን ነው?»

ትርሲት ወደ በሩ አየች። አየችኝ።

«የቤታችን ሠራተኛ ናት የሰጠችኝ» አለች።

«ስሟስ?»

«ስርጉት።»

ኸዲጃ ጻፈችው። አጨበጨቡ። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ነካ አድርጋ «ስምሽን አስጻፈችልሽ፣ ጥሩ ልጅ ናት» አለችኝ። አዎ አልኩ።

ቤት ገባን። ምሳ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለች ድንገት። «ንገሪኝ፣ ምን ልበል?»

ምን ትበል? ሌላ ቃል አልተውኩላትም። ማንም አልሰደበኝም፤ ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራዬ ነው፣ አላፍርበትም። ግን ከልጄ አፍ... አምጬ የወለድኳት ልጅ በሰው ፊት አላውቃትም አለችኝ፤ ያሠለጠንኳት ደግሞ እኔው ነኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 19

ምንም አልሠራሁም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 20

ኸዲጃ በር ላይ አስቆመችኝ። «እሁድ እናቷ ጋ እደውላለሁ። ስለ ልጅቷ ራሴ ልነግራት እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ ገጥሞኝ አያውቅም» አለች። ስልኩ ፎርሙ ላይ አለ። የማዳም ስልክ።

እሺ ብዬ ሄድኩ። እንደገና እሺ።

አርብ፣ ሐምሌ 21

የውብዳር መላ አላት። «ቅዳሜ ሄደሽ ታማለች በያት። አርታ ተወሰደች በያት። ትኬትሽን ተቀብለሽ ውጪ። አለቀ።» ቀላል ነው። እውነትም ቀላል ነው። ክፍሌ ይተርፋል፣ ሥራዬ ይተርፋል።

ትርሲት ከጓሮ ሰምታን ኖሯል። ገባች። «እኔስ?» አለች።

«አንቺማ ምን ትሆኛለሽ፣ ተምረሻል» አለቻት የውብዳር።

«ካርዱ ላይ ውሸት አለ። እንደዚያው ሊቀር ነው?»

የውብዳር ሳቀች፤ ይቺ ደግሞ ፈረንሳይ ሆነች አለች። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ስለ ካርድ እያወራች አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 22

ሄድኩ። ኸዲጃ ብቻዋን ዕቃ እየደረደረች አገኘኋት። ቆሜ ተናገርኩ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰው ስም ስጠራት...»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ልጅ ናት፣ አይቀየሟት።»

«በእሷ አልተቀየምኩም።» ወደ ዕቃዎቹ ዞረች። «በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ እኮ ቦታ እፈልግላት ነበር።» እውነት ትፈልግላት ነበር? አላውቅም። አልጠየቅኋትም እኮ። «ስሟ ማነው?»

«ትርሲት።»

«እኔ ለማዳም ኻሊዳ አልነግርም። አንቺ ትነግሪያታለሽ። ከዛሬ አታሳልፊው።»

ደጅ ወጥቼ እዚያው ግንብ ጥላ ሥር ለማዳም ደወልኩ። ትርሲትን ዓዚዛ አስመስዬ አስገባሁ አልኳት፣ ነገሩን ሳላዞር። ስልኩ ውስጥ የአርታ ነፋስ ይሰማል። «በልጄ ስም?» አለች። አዎ ማዳም። ዘጋችው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 24

ማዳም አትደውልም። ትርሲት ትናንትም ዛሬም በራሷ ስም ሄደች። ልጆቹ ምን አሉሽ? አልኳት። «አንዷ ብቻ፣ ሁለት ስም አለሽ ወይ አለችኝ። አሁን አንድ ነው አልኳት።» እኔ መኪና እያዳመጥኩ ነው። ይምጣ፣ የሚመጣው ይምጣና ልረፍ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 25

መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳሎን ቁጭ ብላ ቤቱን በዐይኗ ዞረችው፤ የጎደለ ካለ ብላ ይሆን? እዚያ ላይ ነው የተሰበርኩት። ዘጠኝ ዓመት ቁልፏ እኔ እጅ ነው ያለው።

«ብትጠይቂኝ እፈቅድልሽ ነበር» አለችኝ።

«ይሆናል ማዳም።»

«ዓዚዛ ስሜን ለምን ሰጠቻት ብላ ስታለቅስ አደረች። ምን ልበላት?»

ዓዚዛንም እኮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ይቅርታ በይልኝ አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ነገረችኝ፤ ሌላ ሠራተኛ አግኝታለች፣ ቅዳሜ ይመጣል፣ እስከዚያ ክፍሉን እንድለቅ። በቃ። በስድብ አላሰናበተችኝም፣ እሱን አልክድም።

አርብ፣ ሐምሌ 28፣ ሃያብለ

ዕቃችን አንድ ሻንጣና ሁለት ፌስታል ሆነ። የውብዳር ጥግ ሰጥታናለች። ቆርቆሮው ይጋላል፣ ዝንቡ አያስቀምጥም፣ ሥራ የለኝም። ቀን ተሌሊት ማን ጋ ልጠይቅ እያልኩ ነው የማስበው። ቢሆንም ትናንትን ልጻፍ።

ኤግዚቢሽኑ ሰው ሞልቶት ነበር። እናቶች ሽቶ ተቀብተው፣ ሺቲ ቀሚሳቸውን አሳምረው ገብተዋል። ትርሲት ትኬቱ አጠገብ ቆማለች። እኔ ከሠራተኞቹ ጋር በር ላይ ቀረሁ... ማንም ውጪ ቁሚ አላለኝም። እግሬ ነው እዚያ የቆመው።

አንድ ሽማግሌ መጥተው ትኬቱ ላይ አጎነበሱ። የባቡር ሠራተኛ ነበሩ ለካ። «ይሄማ ጣቢያው መውጫ ላይ ይሰበሰባል፤ እኔ ራሴ ስንቱን ሰብስቤያለሁ። ይሄ እንዴት ሰው እጅ ቀረ?» አሏት። ትርሲት አታውቅም። ነግሬያት አላውቅም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዞር አለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ በአማርኛ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

«እማዬ፣ ነይ ራስሽ ንገሪያቸው።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አጠገቤ የቆመችው ሴት አየችኝ። ሄድኩ። ምን ለብሼ እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

ነገርኳቸው። ወረቀት አልነበረኝም፤ ባቡሩ ከተማ ሳይገባ ቀዝቀዝ ሲል ዘልዬ ወረድኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ጣቢያውን አላየሁትም፣ ትኬቱን የተቀበለኝ ሰው የለም። ሽማግሌው ሳቁ፤ በደግ ነው የሳቁት። የት ጋ እንደዘለልኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሰዎች ከበቡን። ትርሲት እኔ ያልኩትን ከሥር ከሥር በፈረንሳይኛ ትነግራቸዋለች። እንዲህ ሲፈጥን ቋንቋው ብዙ አይገባኝም። እናቴ የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ። ቆጠርኩ፣ አራት ጊዜ አለችው።