ቀይ ክር የታሰረበት መቀስ

መጋቢት 22

ክፍል ተገኘ። ክፍል ከተባለ... ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ። ረፋድ ላይ ከውስጥ መቀመጥ አይቻልም። "ነፋሻ ነው" አለችኝ አከራይዋ፣ ፊቷን በመሃረብ እያራገበች። የቱ ነፋስ? መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ከዚህ የተሻለ ለመከራየት አቅሙ የለኝም። ያዝኩት።

ፍራሽ መሬት ላይ፣ ውሃ በባልዲ። ምሳ ዳቦ በሻይ። እራት ሻይ በዳቦ፣ ለለውጥ ያህል።

መጋቢት 24

ሥራ ጀመርኩ። የተማሪ ሸሚዝ የሚሰፋበት ቤት ነው። ስድስት ማሽን፣ አንድ በር። ኮሌታ ላይ አስቀመጡኝ። ኮሌታ ብቻ! እኔ፣ ስንቱን ሙሽራ ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሙሉ ሱፍ ሰፍቼ የዳርኩ ሰው... ኮሌታ። የአንዱ ሥራ ኪስ ነው፣ የሌላዋ እጅጌ። ሙሉ ሸሚዝ ገጣጥሞ የሚጨርሰው አለቃው ብቻ ነው። የሱንም ስፌት አየሁት። ይቅር ይበለው።

ሰው እዚህ በስሙ አይጠራም፤ በሚሰፋው ነው። "ኪስ፣ ና!" "እጅጌ፣ ፈጠን በይ!" እኔም ኮሌታ ተባልኩ። ወግ ደረሰኝ።

ሁለት ወር ሙከራ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ወይ ቋሚ፣ ወይ ደህና ሁኚ።

መጋቢት 27

ወንድም ጋሼ ደወለ። "እህስ? በቃሽ?" ሳቁ አይቀር! ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ "በጋውን እዚያ ከጨረስሽ ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል" ያለው ሰው ነው። ስፌት ማሽኔን ለሚስቱ ሊሰጣት ቋምጧል። መቀሴን ሳይቀር አስቀርቶብኛል፣ "ስትመለሺ ታገኚዋለሽ" ብሎ። ከተመለስኩማ በገዛ ማሽኔ ሚስቱ ልትሰፋ፣ እኔ ከሥሯ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ልተክል ነው። ሞቼ እገኛለሁ!

ሚያዝያ 4

እጅጌ የሚሏት ሴትዮ ጎኔ ናት። በናቴ ዕድሜ ትሆናለች። ቀኑን ሙሉ ታወራለች። ካላወራች ታንጎራጉራለች፤ ዜማው የት እንደሚደርስ እሷም አታውቀው። አስራ አንድ ዓመት እጅጌ ሰፍታለች። ግራ እጅጌ፣ ቀኝ እጅጌ፣ አስራ አንድ ዓመት! እንዲህ ሆኖ መኖር ኑሮ ነው?

ዛሬ ማራገቢያ ተሸክማልኝ መጣች። "ልጄ፣ ቆርቆሮ ቤት ነው ያለችው አሉኝ።" አንዱ ክንፉ በሽቦ የታሰረ ነው። "ትንሽ ያንኳኳል እንጂ ደህና ነው።" ትንሽ? ወፍጮ ቤት በይው!

"እርስዎስ?" አልኳት፣ ለወጉ።

"እኔ ደጃፌ ላይ ዛፍ አለኝ።"

ወሰድኩት። ምን ላድርግ፣ ተቀቅዬ ልሙት?

ሚያዝያ 11

ሙቀት። የጫማዬ ሶል አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሚያዝያ 19

መቀስ እያንዳንዱ ከቤቱ ነው የሚያመጣው። እንዳይቀያየር እጀታው ላይ ክር ያስራሉ። የኪስ ሰማያዊ፣ የእጅጌ ቀይ። እኔ መቀስ የለኝም፤ የሷን እዋሳለሁ። በሰጠችኝ ቁጥር፣ "ወረቀት እንዳትቆርጪበት፣ ይደንዛል" ትለኛለች። ለእኔ! ለልብስ ሰፊ! ኪስ ደግሞ ይስቃል። እሱ ምን ጠፍቶበት፣ አራት ማዕዘን ሲሰፋ የሚውል ሰው።

ግንቦት 6

ዛሬ አንድ ክምር ኮሌታ ተቆርጦ መጣልኝ። ብለካው በጣት ስፋት ይበልጣል። ሁሉም! የቆረጠው ሰውዬ ዓይን የለውም? ተማሪው ሰው ነው ግመል? አለቃውን ልጠይቅ ነበር... ተውኩት። እሱ ምን ያውቃል?

ሰዉ ምሳ ሰዓት ላይ ጥላ ፍለጋ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። በእጅጌ መቀስ አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው። እጄን እስኪያመኝ። በዚህ ቤት በልኩ የተሠራ ነገር ቢኖር እነዚያ ኮሌታዎች ናቸው።

ግንቦት 8

ኮሌታው ሲገጠም ከሸሚዙ አንገት አልደረሰም። አንዱም አልደረሰ።

ለካ ጨርቁ ሲታጠብ ገብቶ ይጠባል። ለካ እዚህ ቤት ሁሉንም ነገር፣ እጅጌውንም፣ አንገቱንም፣ ሆን ብለው በጣት አስፍተው ነው የሚቆርጡት። እጅጌ ታውቃለች። ኪስ ያውቃል። ዘበኛው ሳይቀር ሳያውቅ አይቀርም። የማታውቀው የሙሽራ ሱፍ ሰፊዋ ናት። እኔ የማውቀው የሰውን ልክ ነው... የጨርቁን ማን ይጠይቃል? ባፌ መጠየቅ አቅቶኝ!

አለቃው ቁርጥራጩን ከጠረጴዛ ሥር ጎትቶ አወጣው። መቀሱም እዚያው ነበር፣ ከነቀይ ክሩ።

"እጅጌ፣ አንቺ ነሽ?"

ዞር ብላ አየችኝ። ጠበቀችኝ። ትንሽም አይደል የጠበቀችኝ። እኔ ወንድም ጋሼን አሰብኩ። ሳቁን፣ ማሽኔን፣ ግንቦት መጨረሻን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ዝም አልኩ።

"እኔ ነኝ" አለች። "ሙቀቱ አደናብሮኝ ነው።"

በኋላ ቧንቧው ጋ እጇን እየታጠበች፣ "አንቺን ዛሬውኑ ነው የሚያባርሩሽ፣ ልጄ። እኔን አስራ አንድ ዓመት ያውቁኛል፤ ቢበዛ ይቆጡኛል" አለችኝ።

አሁን ይሄ ምን ይባላል? ሞኝ ናት። ማን አድርጊልኝ አላት?

ግንቦት 9

አባረሯት። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ። አስራ አንድ ዓመቱን ማንም አላነሳው። መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። ሁሉም ማሽን ቆሟል። አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች።

"የማራገቢያው ሽቦ እንዳይላላ፣ እያየሽ።"



ግንቦት 15

ጠዋት ጠዋት እናገራለሁ ብዬ እወጣለሁ። በሩ ላይ ስደርስ... ነገ እላለሁ። ኪስ መሳቅ አቁሟል።

ግንቦት 29

ማራገቢያቸውን ተሸክሜ እትዬ ቤት ሄድኩ። ሰፈሩን ዘበኛው ነው የነገረኝ። ደጃፋቸው ላይ ዛፍ የለም። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ እንደኔው። በራፉ ላይ ቁጭ ብለው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። አላዩኝም። ከመታጠፊያው ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። "እትዬ" ለማለት አፌን ከፍቼም ነበር።

ይዤው ተመለስኩ። ፈሪ! ከዚህ በላይ የሚናቅ ሰው በዚህ ከተማ አላየሁም። በጋውን ሙሉ ስፈልግ ነበር እኮ።

ግንቦት 30

ቋሚ ሆንኩ። "ስፌትሽ ንጹህ ነው" አለኝ አለቃው።

ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። "አይ እህቴ! በይ ፀጉሩን ከምላሴ ልንቀለው እንግዲህ!" ብሎ ሳቀ፣ ግን የደግ ሳቅ ነው። ማሽኔን ሊልክልኝ ነው። መቀሴንም። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር። ስሰማው "እሺ" ብዬ ዘጋሁት።

ኪስ ወንበሩን ከኔ አርቆ ወደ ግድግዳው አስጠግቷል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አስተያየቱን አወቅኩት። እኔ ነኝ ሰውን ሁሉ እንደዚያ ሳይ የከረምኩት።

ከሰዓት በኋላ ኮሌታውን ለአዲስ ገቢ ሰጥተው እኔን ወደ እትዬ ማሽን አዛወሩኝ። ፔዳሉ የሳቸው እግር ባረፈበት በኩል ተበልቷል። ስፌት ጀመርኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ።

"እጅጌ!" ሲል ሰማሁ አለቃው።

ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። የመጡ መስሎኝ።

"እጅጌ! አንቺን እኮ ነው!"

"አቤት" አልኩ።