ለንቦቹ የተነገረ መርዶ

ሉቦቭካ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1937

ልጄ ፍሎርያን፣

እንዴት ነህልኝ? የድንጋይ ከሰሉ አቧራ ደረትህን እንዴት አደረገው? እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ። በረዶው መስኮቱን አልፎታል። ድንቹ እንደሆን እስከ ፋሲካ ይበቃኛል፤ አንድ ሰው ምን ይጨርሳል ብለህ።

የአባትህን ቀብር በወጉ አልነገርኩህም። ሬሳ ከቤት ሳይወጣ ወራሹ ለላሟ፣ ቀፎውንም በቤቱ ቁልፍ አንኳኩቶ ለንቡ መርዶ ይነግር የለ? አንተን ብለን ቄሱ እስኪቆጡ ድረስ ሬሳውን አቆየነው። ጎረቤታችን ባርቶሽ መጣና፣ «እማማ አፖሎንያ፣ እኔ ላንኳኳላቸው?» አለኝ።

«ያንኳኳ ጌታቸው ይሆናል። ምነው፣ ማሩ ከወዲሁ ሸተተህ?» አልኩት።

«ኧረ ለእርስዎ ብዬ ነው! ንብ መርዶ ካልሰማ ጌታውን ተከትሎ ይሞታል።»

እሱስ እውነቱን ነው። ስለዚህ ራሴ ወጣሁ። በአባትህ ቁልፍ ሦስቱንም ቀፎ አንኳኳሁና፣ «ጌታችሁ ኢግናሲ ሞቷል። ከእንግዲህ ጌታችሁ ፍሎርያን ነው። መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» አልኳቸው። ምን ላድርግ? ትመጣለህ ብዬ ነው።

በገና ሰሞን ፎቶግራፍህ ደረሰኝ። አጠገብህ የቆመችው ሴት ደስ ትላለች። እጇን ሆዷ ላይ ማሳረፏን አይቻለሁ፤ ይሄ ከእናት ዓይን አያመልጥም። ከኋላችሁ ያለው የጡብ ቤት ግን የማን ነው? መጋረጃው አዲስ ነው። አንተም አልጻፍክ፣ እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩ።

ልጄ፣ ንቦቹ እያለቁ ነው። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ቀፎው ላይ እለጥፋለሁ። መጀመሪያ በአጥሩ በኩል ያለው ዝም አለ፤ ቀጥሎ ከፖም ዛፉ ሥር ያለው። ባርቶሽ ሊያጽናናኝ «ብርዱ ነው» ይለኛል። ምን ብርድ! ዋሸኋቸው እንጂ። አሁን አንዱ ቀርቷል፤ የሱም ድምፅ ቀጥኗል። ተስፋዬም አብሮ አለቀ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

እርሻ ሳይጀመር አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ እመጣለሁ፣ ወይ አልመጣም በለኝ። አልመጣም ብትል አልቀየምህም። ቁልፉን ለባርቶሽ እሰጠውና እሱ ያንኳኳ። መሬቱንም ይረሰው፤ ጦሙን ከሚያድር።

በገና ዋዜማ ቤተሰቡ ከሚቆራረሰው ስስ ቂጣ ድርሻህን አስቀምጬልህ ነበር፣ ይኸው ከደብዳቤው ጋር። ግማሹን ለእሷ ስጣት። እግዚአብሔር ከዚያ ጉድጓድ በየቀኑ በሰላም ያውጣህ፤ የሚወለደውንም ይባርከው።

እናትህ አፖሎንያ

ደብዳቤውን ሳላሽገው ወጥቼ አዳመጥኩ። ሦስተኛውም ዝም ብሏል። መልስ ለመጻፍ አትቸኩል ልጄ።